የኋላ ፍሬን ዲስክ በትልቅ ከመቀየራችሁ በፊት እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደውሎ «የኋላውን ዲስክ በትልቅ ላስቀይር ነው፣ ፍሬኔ ይሻለዋል አይደል?» አለኝ። ዕቃውን ሶማሌ ተራ አይቶታል፣ ዋጋም ተከራክሯል፣ የቀረው የእኔ «እሺ» ብቻ ነው። እኔ ግን አላልኩትም። ቆይ፣ መጀመሪያ ፈትሽ አልኩት። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።

1. ፍሬናችሁ ጉልበት አንሶት እንደሆነ እዩ

ባዶ፣ ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ። ቀበቶ እሰሩ፣ ከኋላ ማንም እንደሌለ አረጋግጡ፣ በ40 እየሄዳችሁ ፔዳሉን ባንዴ እስከ መጨረሻው ርገጡት። እግራችሁ ስር ድርርር የሚል ነገር ከተሰማችሁ ኤቢኤሱ (ጎማው ቀጥ ብሎ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን የሚይዝ የሚለቅቀው) ገብቷል። ይህ ማለት ፍሬኑ ጎማው አስፋልቱን ከሚይዝበት አቅም በላይ ጉልበት አለው ማለት ነው። ዲስክ የሚይዘው ጎማውን ነው፣ መኪናውን አስፋልት ላይ የሚያቆመው ደግሞ ጎማው ነው። ጎማው አልችልም ካለ ዲስኩ የምጣድ ያህል ቢሰፋም ለውጥ የለውም።

2. የኋላው ስንት እንደሚሠራ አስሉ

1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና እንውሰድ። ቆማ ሳለ 720 ኪሎው ፊት፣ 480ው ኋላ ነው እንበል። አጥብቃችሁ ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አፍንጫዋ ዝቅ ሲል አይታችሁ የለ? በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 54 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በጠንካራ ፍሬን ወደ 200 ኪሎ ገደማ ወደ ፊት ይዞራል። ኋላ የሚቀረው 280 ነው፣ ሩብ እንኳ አይሞላም።

አሁን የኋላውን ዲስክ ከ260 ሚሊሜትር ወደ 290 አሳደጋችሁት እንበል። ሸራው (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) የሚይዝበት ቦታ ከመሃሉ ስለሚርቅ የኋላው ፍሬን ጉልበት 14 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዙ ይመስላል። ግን ከጠቅላላው ሥራ የኋላው ድርሻ 20 በመቶ ከነበረ፣ ቢበዛ የምታገኙት 3 በመቶ ነው፣ እሱም የኋላው ጎማ ትርፍ አቅም ካለው ብቻ። ትርፍ ከሌለውስ? የፊት ጎማ ቀድሞ መሽከርከሩን ትቶ ቀጥ ሲል መኪናው መሪ አልሰማም ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። የኋላው ቀድሞ ቀጥ ካለ ግን መኪናው ዞሮ ጀርባውን ይሰጣችኋል። ፋብሪካዎች የፊቱ ቀድሞ እንዲይዝ የሚያደርጉት ሆን ብለው ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ራሱ ስለሚቀንስ፣ እናንተ ከፍላችሁ የጨመራችሁትን እሱ በነፃ ይቀንስላችኋል።

3. ያለውን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ልዩነት የሚያመጣውም ይኸው ነው። የጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የወዳጄ ጎማ 1513 ይላል። ዲስክ ያምረዋል!

የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ሲገባው፣ እርጥበት ሲገባበት ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከዚያ የኋላው ካሊፐር (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ሳይነክስ ወዲያ ወዲህ መንቀሳቀሱን፣ ከኋላ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ከበሮ) ከሆነ ደግሞ ሸራው መስተካከሉን አሳዩ። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረትም ተመልከቱ። ቶርኖ ቤት ተመላልሶ ወረቀት የሆነ ዲስክ ስንት መኪና ላይ አለ መሰላችሁ።

4. ችግራችሁ ሙቀት ከሆነ

ትልቅ ዲስክ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያቺ 1,200 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ዜሮ 25 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ፍሬኑ ብቻ ከተሸከመው ይግላል፣ ፔዳሉም ይላላል። ወፍራም ዲስክ ሙቀት ይሸከማል፣ ግን ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ይብሱን ወደ ፊት ስለሚያጋድል ማሳደግ ያለባችሁ የፊቱን ነው። ዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ ነፃ ነው።

5. የለም፣ እቀይራለሁ ካላችሁ

የራሱ ሞዴል ትልቁ ዓይነት ላይ የሚገባውን ዕቃ ሙሉውን ውሰዱ፦ ዲስክ፣ የካሊፐር መያዣ፣ ሸራ፣ ከፊቱም ጭምር። ብዙ የኋላ ዲስክ ውስጡ የእጅ ፍሬን የሚይዝበት ትንሽ ታምቡር አለው፣ የውስጡ ስፋት ካልገጠመ የእጅ ፍሬን የላችሁም። ቸርኬው ካሊፐሩን እንዳይነካም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ስትሠሩ የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ዳዶዎቹን ክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት አላሉ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን አትግቡ። ካሊፐሩን በሽቦ ስቀሉት እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ዝገት ፍቁ፣ የአዲሱን ዲስክ ቅባት ጥረጉ። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው የኋላ ፒስተን ብዙ ጊዜ እየተጠመዘዘ የሚገባ ስለሆነ በጉልበት አትግፉት። ከገጠመ በኋላ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ይህን የረሳ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ግድግዳ ላይ ነው የሚቆመው።

ከዚያ ከ50 ወደ 10 ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ስምንት ወይም አስር ጊዜ ያዙ፣ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ እየነዳችሁ። ሲያልቅ ቁጥር አንድ ላይ ያለውን ሙከራ እዚያው ቦታ ድገሙት። ከኋላ ከተወዛወዘባችሁ የድሮውን መልሱ፣ ስለዚህ ለቁራሌው አትሽጡት።