ክብ ሲሉት እንቁላል የሚቆርጥ ማሽን፦ የቤት ሠራሽ ሲኤንሲ ችግርና መፍትሄ

ቤት የሠራሁት ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት የሚቆርጠው ማሽኔ፣ መጀመሪያ የቆረጠልኝ ነገር የስኒ ማስቀመጫ ነበር። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አዘዝኩት። በካሊፐር ስለካው በአንዱ ሰያፍ 101፣ በሌላው 99 ሆነ። እንቁላል ነው። ሁለት ሌሊት ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ የማሽኑን ማስተካከያ ቁጥሮች ስቀያይር አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ያሉ አናጺ ለሌላ ጉዳይ መጡና ማሽኑን አዩት። ስኳድራቸውን ፍሬሙ ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዘሟል» አሉኝ። እውነትም 60 ሳንቲም ላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ዘሟል። ቁጥሩ ምንም አላጠፋም።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ብሎን፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ ቁጥር በመጨረሻ ነው የማየው። የምጽፈው አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ጂአርቢኤል የተባለውን የሲኤንሲ ፕሮግራም ጭነው፣ በስቴፐር (በእርምጃ በሚዞር) ሞተርና በጠመዝማዛ ዘንግ ለሚሠሩ ነው። ሌላ ሰሌዳ ካላችሁ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ብልሽቱ ግን ያው ነው።

ልኩ አይመጣም

«ልኩ ተሳስቷል» ብሎ ነገር የለም፤ ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ካልለያችሁ ስትደክሙ ትውላላችሁ። ቁራጭ ኮምፖርሳቶ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ክብ ቁረጡና እዩት።

እንቁላሉ ሰያፍ ከሆነ እንደኔው ፍሬማችሁ ዘሟል። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ በ3፣ 4፣ 5 ማዕዘን እንደሚይዙት አድርጉ። ማሽኑ ሦስት ቀዳዳ ይብሳ፦ አንዱ ዜሮ ላይ፣ አንዱ በኤክስ 300፣ አንዱ በዋይ 400 ላይ። በሁለቱ ሩቅ ቀዳዳዎች መሃል 500 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ የድልድዩን (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደውን አግዳሚ) ብሎኖች አላሉና በአንድ በኩል እየገፋችሁ አስተካክሉ። ከዚያ አጥብቁና እንደገና ብሱ። ሲጠብቅ ትንሽ ስለሚሸሽ አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትመኑት።

እንቁላሉ በኤክስ ወይም በዋይ መስመር ቀጥ ብሎ ከረዘመ ግን አሁን ቁጥር ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሚሄድ የሚነግሩት $100፣ $101 እና $102 የተባሉት የጂአርቢኤል ማስተካከያዎች ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ይሄዳል። ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ትንሽ ሰሌዳ) እያንዳንዱን ለ8 ከከፈለው 1600 ይሆናል። ዘንጉ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ 1600 ለ8 ሲካፈል 200። በዚህ ዘንግ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የጥርሱን ርቀት ሲለካ 2 ሚሊ ሜትር ያገኝና 800 ያስገባል። ዘንጉ ግን አራት ጥርስ ጎን ለጎን የተጠመዘዘበት ነው፤ በአንድ ዙር 8 ይሄዳል። 10 ሲሉት 40 የሚሄድ ማሽን ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ክቡ ደህና ሆኖ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ጠፍጣፋ ቦታ ካለው ክፍተት አለ ማለት ነው። እነዚያ አራት ቦታዎች ማሽኑ አቅጣጫ የሚቀይርባቸው ናቸው። ዘንጉ ሲዞር ዳዶው እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ባዶ ዙር ይሄዳል። በስፕሪንግ የሚወጠረውን ዳዶ ግጠሙ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ኩሽኔታ አጥብቁ።

በምንም ተአምር ክፍተትን በ$100 ለማከም አትሞክሩ። መለያው ይኸው፦ 50 ሲሉት 49.5፣ 200 ሲሉት 198 ከሄደ ስህተቱ ከርቀቱ ጋር ያድጋል፤ ቁጥር ነው። 50 ሲሉት 49.7፣ 200 ሲሉትም 199.7 ከሆነ ስህተቱ ቋሚ ነው፤ ክፍተት ነው። ቁጥሩ ከሆነ የድሮውን በታዘዘው ርቀት አባዙና በተለካው አካፍሉ። 200 ሲባዛ 200፣ ሲካፈል ለ198፣ 202.02 ይመጣል። ስትለኩ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳይሆን የቀዳዳ መሃል ከቀዳዳ መሃል ለኩ። 6 ሚሊ ሜትር የተባለ ቢት (የሚሽከረከረው መቁረጫ) 5.9 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ጠርዝ ከለካችሁ የቢቱን ጥፋት በማሽኑ ትለጥፋላችሁ።

መሃል ላይ ቦታውን ይስታል

ሥራው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ፈቀቅ ይላል፤ የቀረው ሁሉ በዚያው ተዛንፎ ይቆረጣል። መጀመሪያ የሞተሩን ዘንግ ከጠመዝማዛው የሚያገናኘውን ማያያዣ እዩ። በዘንጉና በማያያዣው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩ። ከሥራ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ትንሿ ብሎን እየለቀቀች ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ ስንቱን ሰው ግን አዲስ ሞተር ከመግዛት ያድነው ነበር።

መስመሩ ካልተነካ ቢቱን ወደ ላይ አንሱና ያንኑ ሥራ አየር ላይ አስኬዱት። ወደ ዜሮው በትክክል ከተመለሰ ጥፋቱ ከቆረጣው ነው፤ በጣም እያጠለቃችሁ ወይም እያስቸኮላችሁት ነው። አየር ላይም ከሳተ ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ ሐዲዱ ትይዩ አይደለም። ካልከበደ ፍጥነት የሚጨምርበትን ማስተካከያ፣ $120ን፣ በግማሽ ቀንሱ።

በመጨረሻ ለሞተሩ የሚሄደውን ጅረት እዩ። ኤ4988 ድራይቨር ላይ ያለችው ትንሿ ተከላካይ (ሬዚስተር) 0.1 ኦም ከሆነች፣ 1 አምፔር ለማግኘት የማስተካከያው ቮልቴጅ 0.8 ቮልት ይሆናል። በዲአርቪ8825 0.5 ቮልት ነው። ትልቁ ኔማ 23 ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 3 አምፔር ይፈልጋል። እነዚህ ትንንሽ ድራይቨሮች አይችሉትም፤ እንደ ቲቢ6600 ያለ ግዙ። ደግሞ መብራት ላይ እያለ የሞተር ሽቦ አትንቀሉ። እኔ ሁለት ድራይቨር ያቃጠልኩት እንደዚያ ነው።

ስፒንድሉ ሲነሳ ማሽኑ ይደነብራል

ስፒንድሉ፣ ማለትም ቢቱን የሚያዞረው ሞተር፣ ሲነሳ ማሽኑ ያለምክንያት የማንቂያ መልእክት ይሰጣል ወይም ዩኤስቢው ይቋረጣል። ስፒንድሉን ነቅላችሁ ያንኑ ሥራ አስኬዱት። ያለ ችግር ከጨረሰ ከስፒንድሉ ሽቦ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የስፒንድሉን ገመድ የማሽኑ ጉዞ ጫፍ ላይ ካሉት ማቆሚያ ስዊቾች ሽቦ አርቁ፤ መሻገር ካለበትም በመስቀለኛ ይሻገር። በስዊቹ መስመርና በግራውንዱ መሃል 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገቡ። ሶኬታችሁ እውነተኛ የምድር ሽቦ እንዳለውም አስፈትሹ። ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አለው ማለት አይደለም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሥራው ይበላሻል

ይሄ የኛ ሰፈር በሽታ ነው። መብራት ሲሄድ ሞተሮቹና ስፒንድሉ ቀጥ ይላሉ። አርዱዊኖው ግን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚጠጣ አይጠፋም። እየሄድኩ ነው ብሎ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ቢቱ ያለበትን ሳያውቅ ከመሃል ይነሳል። የስፒንድሉ ማብሪያ በርቶ ከተተወ እሱም አብሮ ይነሳል፤ እጃችሁ እዚያ ካለ አስቡት።

መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የስፒንድሉን ማብሪያ አጥፉ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን አቁሙ። የማቆሚያ ስዊች ግጠሙና ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማሽኑን ወደ ቤቱ መልሱት፤ ማለትም ስዊቾቹን ነክቶ መነሻ ቦታውን ያግኝ። የሥራውን ዜሮ (መነሻ ነጥብ) በጂ92 ትእዛዝ ሳይሆን በጂ54 መዝግቡ፤ ጂ54 መብራት ቢጠፋም ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል። ሲመለስ እንደገና ወደ ቤቱ ላኩትና ከተቋረጠው የፕሮግራም መስመር ትንሽ ወደኋላ ብላችሁ ቀጥሉ። ለሰሌዳውና ለሞተሮቹ ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) የገዛ ሰው አውቃለሁ። መብራት ሲሄድ ስፒንድሉ ቆመ፣ ሞተሮቹ ግን የማይዞረውን ቢት እንጨት ውስጥ ጎትተው ሰበሩት።

እንጨቱ ይጠቁራል፣ ይሸታል

ቢቱ እየቆረጠ ሳይሆን እያሻሸ ነው። ስፒንድሉን አዘግዩ ወይም ጉዞውን አፍጥኑ። በደቂቃ 10,000 ዙር፣ ባለ ሁለት ምላጭ ቢት፣ በምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ብትወስዱ ጉዞው በደቂቃ 2000 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማሽናችሁ ይህን ካልቻለ ዙሩን ቀንሱ። የሚወጣው ፍቅፋቂ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከሆነ አይደለም። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ግን ሁልጊዜ ዱቄት ነው የሚሆነው፣ በእሱ አትፍረዱ። ይልቅ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ጽሑፉ በአንድ በኩል ይጠልቃል

«ሰላም» ብላችሁ ስትቀርጹ «ሰ» ጠልቃ «ም» ጭረት ብቻ ከሆነች ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል። እግሩን በወረቀት ስትደግፉ አትዋሉ። ላዩ ላይ ኤምዲኤፍ እሰሩና ማሽኑ ራሱ በሰፊ ቢት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይላገው። ብሎኖቹን ግን መጀመሪያ በደንብ ወደ ውስጥ አስጥሟቸው። እኔ አንዷን ረስቼ ቢቱ ብልጭታ እየረጨ አልፎባታል።