የሳምንቱ ምግብ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ፦ ቤት ውስጥ ሲሠሩት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ለማታ ምን ይሠራ?» ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የዋለበት ቀን በእኛ ቤት አልነበረም። አሁን ማድ ቤቱ በር አጠገብ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ይመልሰዋል። ይህ ግን ሁለተኛው ሰሌዳችን ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለመሥራት ያሰበ ሰው የእኔን ድካም እንዳይደግመው፣ የተሳሳትኩባቸውንና ሌሎች ሲሳሳቱ ያየኋቸውን ነገሮች እነሆ።

ርካሽ ነው ብሎ ቺፑድ መግዛት

ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። በጠርዙ በኩል እርጥበት ከገባበት ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። የመጀመሪያው ሰሌዳዬ ሐምሌ ላይ የታችኛው ጠርዙ ተነፍቶ ቀለሙን ገፈፈው። ሁለተኛውን የሠራልኝ አናጺ ነገሩን ሲሰማ፣ «እህቴ፣ ለጅማ ዝናብ ኮምፔርሳቶ ይሻልሻል፤ እሱንም ቢሆን ጠርዙንና ጀርባውን ቀለም ሳትቀቢ እንዳትሰቅይው» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። በርጩማዋን አገር የሚያውቅላት ጅማ አናጺ አታጣምና 60 በ80 ሳንቲ ሜትር ኮምፔርሳቶ አስቆርጦ በቀጭን ጣውላ ማስከፈፍ ከባድ አይደለም። ከዚህ ካነሰ ሰባቱ ቀናት ከነቁርስ፣ ምሳና እራታቸው በሚነበብ ጽሑፍ አይገቡበትም።

የሚያብረቀርቅ ቀለም መቀባት

ጠመኔ የሚጽፈው እየተፋቀ ነው፤ የሚፍቀው ሸካራ ነገር ካላገኘ ይንሸራተታል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር የዘይት ቀለም የተቀባ ሰሌዳ መስተዋት ላይ እንደ መጻፍ ይሆናል። የሚያስፈልገው የማያብረቀርቅ ጥቁር የውሃ ቀለምና ጥቂት ጀሶ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ቀለም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጀሶ ይበቃል። ጀሶው ይነፋ፤ ጓል እንዳይቋጥር በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ከቀለሙ ጋር በደንብ ይዋሃድ። ውሃ የነካው ጀሶ ወዲያው መጠጠር ስለሚጀምር ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ይበጥብጡ፤ የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ አይቻልም። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ሲደርቅ በካርታቬትሮ ለስለስ አድርጎ አሽቶ አቧራውን ጠርጎ ከግራ ወደ ቀኝ መቀባት ነው።

ልጅ ሳለን የክፍላችንን ሰሌዳ በከሰልና ከአሮጌ ባትሪ በወጣ ጥቁር ዱቄት እናጠቁር ነበር። ያንን ለማድ ቤት አታድርጉት። የባትሪው ዱቄት ማንጋኒዝ ያለበት ነው፤ እንጀራ በሚቀርብበት ቤት ቦታ የለውም።

ሳያሟሹ መጻፍ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ሥራው በደንብ ከተሠራ በኋላ በአንድ ደቂቃ ችኮላ ይበላሻል። አዲስ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ሰዓት እንጀራ የሚያሰፋበት ሰው የለም። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል፤ ያለዚያ እንጀራው ይይዛል። ሰሌዳም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። መጀመሪያ የጻፉት ጽሑፍ እዚያ ይገባና ቢጠፋም ጥላው ይቀራል። የእኔ የመጀመሪያ ሰሌዳ ላይ «ሰኞ ሽሮ» የሚለው ጽሑፍ ዶሮ ወጥ ሲጻፍበትም፣ ጎመን ሲጻፍበትም ከሥር ይታይ ነበር።

ሲሟሽ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ቅብ ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ይቆይ፤ ክረምት ከሆነ ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ አንድ ሙሉ ጠመኔ በጎኑ አጋድሞ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞም ከዳር እስከ ዳር ማልበስ ነው። ነጭ እስኪሆን ድረስ አይሰስቱ። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ሰሌዳው ትንሽ አመድማ ይሆናል፤ ትክክለኛ መልኩ ያ ነው።

ምድጃ አጠገብ መስቀል

እንፋሎትና የዘይት ፍንጣሪ ቀለሙን ያወዛዋል፣ ወዝ የነካው ቦታ ደግሞ ጠመኔ አይቀበልም። የጠመኔውም ብናኝ ድስት ውስጥ ይገባል። በሩ አጠገብ፣ ለትንሹ ልጅ ዓይን በሚመጥን ከፍታ ይሰቀል።

መስመሩን በቀለም ማስመር

የቤታችን ሳምንት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሚጾም ቤት ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም የለባቸውም፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ይፈሰካል። ረመዳን ሲገባ ጎረቤቴ ቁርስና ምሳ የሚለውን ሙልጭ አድርጋ ታጠፋና ሱሁርና ኢፍጣር ትጽፍበታለች። መስመሩ በቀለም ቢሰመር ይህ ሁሉ አይቻልም። ጠመኔውን ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ጥቂት ነክሮ ማስመር ይበቃል። ሲደርቅ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፤ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ግን ይሄዳል።

ሳምንቱን ከሰኞ መጀመር

የጅማው ትልቅ ገበያ ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው በሐሙስ ገበያው ነው፤ እኛም ቤት የሚገበየው ሐሙስ ነው። ሰኞ የተጻፈ ዕቅድ ሐሙስ ላይ ጎመኑም ቲማቲሙም አልቆበት ያገኘዋል። ስለዚህ የእኛ ሰሌዳ የሚጀምረው ከዓርብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘንቢሉ ሲራገፍ የተገዛው ታይቶ ይጻፋል፤ ቶሎ የሚበላሸው ወደ ፊት፣ ምስርና ሽሮ ወደ ኋላ።

የምግቡን ስም ብቻ መጻፍ

«እሑድ፦ እንጀራ በሽምብራ አሳ» ተብሎ ሲጻፍ ያምራል። ነገር ግን ሊጡ ሐሙስ ካልተቦካ እሑድ እንጀራ የለም። ባቄላውም ማታውኑ ካልተዘፈዘፈ ጠዋት ማንም አያበስለውም። ሰሌዳው የሚጠቅመው ይህን ሲናገር ነው። በእያንዳንዱ ቀን ግርጌ ትንሽ ቦታ እንተዋለን፤ «ዛሬ ማታ ባቄላ ይዘፍዘፍ»፣ «ሊጥ ይቦካ»፣ «በርበሬ እያለቀ ነው» እያልን እንጽፍበታለን። ታላቁ ልጄ ማታ ጥርሱን ፍቆ ሲመለስ ያን ግርጌ አንብቦ ባቄላውን ራሱ ይዘፈዝፋል፤ ከጨረሰ በኋላም በጣቱ ያጠፋዋል።

የቅዳሜ እራት ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። እንግዳ ሊመጣ ይችላል፤ ካልመጣም የሳምንቱ ትራፊ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል።