የሐረጎን ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት የሪፈሩን ማህተም እዩ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር (መላኪያ ወረቀት) የተጻፈላችሁ የጤና መድን አባላት፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳትወጡ ወረቀቱን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ማህተም አለው? ፊርማስ? ስማችሁ የመድን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው የተጻፈው? እኔ አንዴ ሳላይ ኪሴ ከትቼ ሐረጎን ወጣሁ። ደሴ ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ስደርስ ማህተሙ ደብዝዞ ክብ ጥላ ብቻ ሆኗል። ተመለስ ተባልኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ። ቀኔም የሚኒባሱም ብር እንዲሁ ቀለጠ።

መድኑ የሚሠራው በቅብብል ነው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሆስፒታል። በዚህ መንገድ መምጣታችሁን የምታሳየው ያቺ ወረቀት ናት። እሷ ከጎደለች ሂሳቡ ወደ ኪሳችሁ ሊዞር ይችላል። በስልክ ፎቶም አንሷት፤ ዋናውን ባትተካም ቁጥሩና ቀኑ አይጠፋችሁም። የዘንድሮ መዋጮ መታወቂያው ላይ መመዝገቡንም በዚያው እዩ።

ድንገተኛ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ እርሱት። ደም እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ እያጠረ ማህተም አይፈለግም። ቀጥታ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል፤ ለድንገተኛ ሪፈር አይጠየቅም።