የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች የሥራ ዘመን በደብተር ሲነበብ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ሪሴፕሽን ነኝ። ኒው ዮርክ ላይ የማታ የቤዝቦል ጨዋታ ሲጀመር እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ነው። አደባባይ ኢየሱስ የጠዋት ጸሎት ሲሰማ ጨዋታው ያልቃል። አብረውኝ የሚያድሩት ጥበቃችን፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የአፄዎቹ፣ የእግር ኳሱ የፋሲል ከነማ፣ ደጋፊ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ጎሉ የታለ?" ይሉኛል። ለእሳቸው ያስረዳሁትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። በሜዳው የኋላ ክፍል የሚቆሙት ተከላካዮች ሦስት ናቸው፦ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። ብዙ የሚሮጠው የመሃሉ ነው። የቀኙ ግን ክንድ ያስፈልገዋል፤ ከእሱ እስከ ሦስተኛው ቤዝ (ቤዝ ሯጩ በየተራ የሚረግጠው ማዕዘን ነው) ያለው ርቀት ረጅም ነው። ቦታውን ሳታውቁ ቁጥሩን ብታዩ ትሳሳታላችሁ።

ከዚያ ባለ መስመር ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ስጡት፦ ዓመት፣ ዕድሜ፣ የመምታት ተራ፣ ሂት። ሂት ማለት መቺው ኳሷን መትቶ፣ ተከላካዮቹ ሳይሳሳቱለት፣ በራሱ ምት ቤዝ ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው ሆም ራን፣ ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፈውን ምት፣ ብቻ ይቆጥራል። እኔ ከሂት ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ የሰውዬው የየቀኑ ሥራ የሚታየው እዚያ ነው።

ኢቺሮ ሱዙኪን እንውሰድ፤ የቀኝ ሜዳ ተጫዋች፣ ጃፓናዊ። እ.አ.አ. በ2004 ለሲያትል ማሪነርስ 704 ተራ አግኝቶ 262 ሂት መታ። የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡና 262ን ለ704 አካፍሉ፤ 0.372 ይመጣል። ከ10 ተራ 3 ጊዜ የተሳካለት ጎበዝ ይባላል፤ ይሄ ወደ 4 ተጠግቷል። በ1920 ጆርጅ ሲስለር ያስመዘገበው 257 እስከዚያ ዓመት ድረስ አልተነካም ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሻይ የያዙበትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ሰማንያ አራት ዓመት?" አሉ። አዎ፣ ሰማንያ አራት ዓመት።

አሁን ወደ ታች ውረዱ። ከ2001 እስከ 2010 ሂቱ በየዓመቱ ከ200 በላይ ነው። 2011 ላይ 184 ይላል። እዚህ መስመር ላይ አትቸኩሉ። "አለቀለት" ከማለታችሁ በፊት ዕድሜውን እዩ፤ 37 ዓመቱ ነው። በዓመት 162 ጨዋታ ያለበት ሊግ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኒው ዮርኩ ቡድን ያንኪስ፣ ቀጥሎ ወደ ማያሚ ሄደ። ተራው ቀነሰ፤ ሂቱም አብሮ ቀነሰ። በ2016 ግን በዚያ በቀነሰው ተራ 3,000ኛውን መታ።

የጃፓኑን ዓመታት በሌላ ገጽ ጻፉ። እዚያ 1,278፣ አሜሪካ 3,089። ደምሩት ቢባል 4,367 ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ሊጎች ናቸውና አታቀላቅሉ። አሜሪካ ሲገባ 27 ዓመቱ እንደነበር ግን ጠርዙ ላይ አስፍሩ። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ደብተር የማይዘው ነገርም አለ፤ ክንዱ። ኤፕሪል 11፣ 2001 የወረወራትን ፈልጋችሁ እዩ። ኦክላንድ ላይ ነው። ኳስ ወደ ቀኝ ሜዳ ትመታለች፤ አንደኛው ቤዝ ላይ የነበረው ቴረንስ ሎንግ ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ይሮጣል። ኢቺሮ እየሮጠ አንስቶ ይወረውራል። ኳሷ ዝቅ ብላ፣ መሬት ሳትነካ፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ጓንት ውስጥ ትገባለች። ኳሷ ስለቀደመችው ሯጩ "አውት" ተባለ፤ ከሜዳ ወጣ። ቪዲዮውን አቁማችሁ አቁማችሁ እዩት። እግሩን እዩ፤ ኳሷ ጋ ሲደርስ ሰውነቱ ለውርወራ ተዘጋጅቷል።

የመጨረሻው መስመር 2019 ነው። 45 ዓመቱ። ሁለት ጨዋታ፣ 5 ተራ፣ 0 ሂት። ጋሼ ዜሮውን በጣታቸው ነክተው ዝም አሉ። ይህን መስመር ስትጽፉ የቶኪዮውን ጨዋታ ክፈቱ። ስምንተኛው ዙር ላይ ቀኝ ሜዳ ወጥቶ ከቆመ በኋላ ተጠራ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ አቀፉት። ጨዋታው ካለቀ በኋላም ሕዝቡ ከመቀመጫው አልሄደም፤ ተመልሶ እስኪወጣ ጠበቀው።