የወታደር ለቅሶ እንዴት ይያዛል?

ጡረታ የወጣሁ ሃምሳ አለቃ ነኝ። አሁን መሃል ሜዳ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሠራዊት ውስጥ እያለሁ ጓዶቼን ተሸክሜ ቀብሬያለሁ። አገሬ ከገባሁ በኋላ ደግሞ የመንዝ እናቶች ልጆቻቸውን ሲቀብሩ አብሬ ቆሜያለሁ። የወታደር ቀብር ባለቤቱ ሁለት ነው፤ ሠራዊቱና ቤተሰቡ። ሁለቱ ቀድመው ካልተነጋገሩ መቃብር ላይ ይምታታል።

መርዶው ጎህ ሲቀድ ይነገር። የነፍስ አባት፣ ሽማግሌዎችና እናትየው የምትቀርባት አንዲት ሴት ይኑሩ። ከዚያ በፊት ማንም ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ አደራ በሉ። በእኛ ሰፈር አንዲት ልጅ የወንድሟን ሞት ያወቀችው ገበያ መሃል፣ ከስልኳ ላይ ነው። ጥሩምባው ከመርዶው በኋላ ይነፋ።

የክርስትና ስሙን ወዲያው ያዙ። ፍታቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው፤ የሠራዊቱ ወረቀት ላይ ያለው ግን የዓለም ስሙ ነው። እናቱን አታስጨንቋት፣ የክርስትና አባቱን ጠይቁ። ከአስከሬኑ ጋር የሚመጣውን አዛዥም ስልክ ተቀበሉ። ጣርማበር ላይ ጉም ከወረደ መኪናው ይዘገያል፤ ሕዝቡ በብርድ ሜዳ ላይ ቆሞ አይጠብቅ።

ባንዲራው ላይ ልቆይ። የመንዝን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ሳጥኑ ላይ ዝም ብሎ ጣል ከተደረገ ይገለባል፤ አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ይዞ ሲሯሯጥ አይቻለሁ። በቀጭን ገመድ ከሳጥኑ ሥር አሳልፋችሁ እሰሩት። ኮፍያውና ቀበቶው ከላይ ይቀመጡ። ጉድጓዱ አፋፍ ሲደርስ ባንዲራው ይነሳል። አፈር አይንካው፣ ከሳጥኑም ጋር አይውረድ። ታጥፎ ለማን እንደሚሰጥ ማታውኑ ወስኑ። ሚስት አለች፣ እናት አለች፤ እዚያ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ሥርዓቱን የመስጊዱ ሰዎች ይምሩት። ቀብሩ አይዘግይ፣ ንግግሩም ይጠር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ቀብር አለ። የልጁን ፈረስ በሙሉ ዕቃው ጭነን ከሳጥኑ ኋላ አስኬድነው። ወጋችን ነው፣ ያምራልም። የክብር ተኩሱ ሲጀመር ግን ፈረሱ ደንብሮ ሕዝቡ መሃል ገባ። እናትየው ተኩስ እንዳለ የነገራት የለም። «ልጄን ደገሙት!» ብላ ወደቀች። ያንን እኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ ድምፁን የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ስንት ጊዜ እንደሚተኮስና መቼ እንደሚተኮስ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ፈረሱ ከተኩሱ በፊት ራቅ ይላል። ከእናትየው ጎን የተቀመጠችው ሴት ደግሞ «አሁን ለክብሩ ሊተኩሱለት ነው» ትላታለች፣ እጇን ይዛ።

ሙሾው አይቆረጥ። አዛዡን በአክብሮት «ጌታዬ፣ ሙሾው ሲያበቃ ይናገሩ» በሉት፤ ይገባዋል። ለአልቃሿም ስለ ልጁ እውነተኛውን ንገሯት፤ በግ ሲጠብቅ የት ይውል እንደነበር፣ ደመወዙን ለማን ይልክ እንደነበር። አንዷ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፦

እናቱ ደጅ ላይ ጋቢ ዘርግታ፣
እሱ ባንዲራ ለብሶ መጣ ማታ።

አስከሬን የማይመጣበትም ጊዜ አለ። ኮሪያ የወደቁት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ ልጆች አጽማቸው ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ይህ ለሁሉም ቤተሰብ አይሆንም። ያኔ ፎቶውንና ልብሱን አውጥታችሁ አልቅሱለት። ፎቶው በወታደር ልብስ የተነሳው ይሁን። ልብሱን አትጠቡት። እናቱ ጠረኑን ትፈልገዋለች።

አስከሬኑን ያጀቡት ወታደሮች ሌሊቱን ተጉዘው ነው የሚመጡት። የሚያርፉበት ቤት አዘጋጁ፤ ባና ደርቡላቸው፣ ትኩስ ነገር ስጧቸው። ሳጥኑን እነሱም ይሸከሙ። ከቀብር መልስ፣ እጅ ታጥቦ ንፍሮው ሲዞር፣ አብሮት የነበረውን ልጅ ከእናትየው አጠገብ አስቀምጡት። ብዙዎቹ ያፍራሉ፣ እኔ ተርፌ ምን እላታለሁ ብለው ውጭ ይቆማሉ። ክንዱን ይዛችሁ አስገቡት። እሷ ስለ ጦርነቱ አትጠይቀውም። ብርድ ይመታው እንደነበር፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ ስሟን ያነሳ እንደነበር ነው የምትጠይቀው። ስልኩን ተቀበሉት። ለአርባው ጥሩት።