በአሮጌ ቀለበት ላይ ያለ የእንግሊዝ አርማ የማን እንደነበር ለማወቅ

የእንግሊዝ አርማ፣ ማለትም በጋሻ ቅርጽ ላይ የሚሳለው የዘር ምልክት፣ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ከእሱም በወንድ መስመር ለሚወርዱ ሕጋዊ ተወላጆቹ ያልፋል። ለስም አይሰጥም። ስለዚህ በቱሪስት ሱቅ «የስሚዝ ቤተሰብ አርማ» ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ ለፍለጋው አይጠቅምም። የአባት ስም በየትውልዱ ለሚለወጥብን ለእኛ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚቆጠረው ዘር ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን በደንብ ያንብቡ። ፎቶ ሲያነሱ መብራቱን ከጎን ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከበራ ቀጫጭን ጭረቶች ይጠፋሉ። ለማተሚያ የተሠራ ቀለበት ሥዕሉ ተገልብጦ የተቀረጸ ስለሆነ፣ በሰም ላይ አትመው የታተመውን ይዩ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጭረቶቹ የቀለም ምልክት ናቸው፦ ነጠብጣብ ወርቅ፣ ባዶው ብር፣ ቁልቁል የወረደው መስመር ቀይ፣ አግድሙ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ሲቆራረጡ ጥቁር፣ በተመልካቹ ዓይን ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ያዘመመው አረንጓዴ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በአርማ ሙያ «ቀኝ» ማለት የጋሻው ያዥ ቀኝ ነው፤ ለተመልካቹ ግራ ይሆናል። ጋሻው መሐል ለመሐል ተከፍሎ ሁለት አርማ ከያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተመልካቹ ግራ ያለው የባል፣ በቀኙ ያለው የሚስት ነው። ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ከታየች የሁለተኛ ልጅ፣ ኮከብ የሦስተኛ ልጅ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ጋሻ ሳይኖር ከራስ ቁር በላይ የሚቀመጠው ጌጥ ብቻ ከተቀረጸ ግን ተስፋው ይመነምናል፤ አንዱን ጌጥ ብዙ ቤተሰቦች ይጋሩታልና።

ከዚያ ወደ መጻሕፍት። የፓፕወርዝ መዝገብ (1874 እ.ኤ.አ.) በሥዕሉ ዓይነት ስለተደረደረ፣ ስም ሳያውቁ «በወርቅ መደብ ላይ ቀይ አንበሳ» ብለው መፈለግ ይችላሉ። የበርክ ዝርዝር (1884) በስም ነው፤ ያልተረጋገጠ ብዙ ነገር ስላለበት ለፍንጭ ብቻ ይያዙት። ከ1530 እስከ 1688 የአርማ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ የመዘገቡት የትውልድ ሐረግ ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አብዛኛው ታትሟል።

የዘር ቆጠራው ከራስ ወደ ኋላ ይሂድ። የመንግሥት የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በእንግሊዝ ከሐምሌ 1837፣ በስኮትላንድ ከ1855 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት አሉ፣ ጥንታዊዎቹ ከ1538 ናቸው። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በሞክሼ ነው፤ በጎረቤት አጥቢያ የተጠመቀ ሌላ ጆን። እዚህ ላይ ኑዛዜ ይፈለግ፤ ልጆቹንና መሬቱን በስም ስለሚጠራ ሁለቱን ይለያል።

የመጨረሻው ቃል የሚገኘው የእንግሊዝን አርማዎች ከሚመዘግበው፣ ለንደን ካለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። ፎቶውንና የሐረጉን ሠንጠረዥ አያይዘው ለዕለቱ ተረኛ ሹም ይጻፉ፤ የመዝገብ ፍለጋው በክፍያ ነው። ቤተሰቡ ስኮትላንዳዊ ከሆነ ጉዳዩ የስኮትላንድን አርማዎች ወደሚቆጣጠረው፣ ኤድንብራ ወዳለው የሎርድ ላየን ችሎት ይሄዳል። መዝገቡ ከ1672 ጀምሮ የተያዘ ነው፤ በዚያ የሌላውን አርማ እንደራስ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል፤ ታናሽ ልጅም የአባቱን አርማ የሚይዘው መለያ ተጨምሮበት በስሙ ሲመዘገብ ነው።