ስትራትፎርድ ስትሄዱ ከወንዙ ዳር ጀምሩ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ የሼክስፒርን የትውልድ ከተማ ለማየት ካሰባችሁ በጠዋት ድረሱ። ብዙ ሰው በቀጥታ የሚሄደው ሄንሊ ጎዳና ላይ ወዳለው የተወለደበት ቤት ነው። እናንተ ግን ኤቨን ወንዝ ዳር ካለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ። በ1564 እ.ኤ.አ. ክርስትና የተነሳውም፣ በ1616 የተቀበረውም እዚያው ነው። መቃብሩ ላይ «አጥንቴን የሚያንቀሳቅስ የተረገመ ይሁን» የሚል ግጥም ተቀርጿል። ቆም ብላችሁ አንብቡት፤ ልብ ይነካል።

ከዚያ ወንዙን ይዛችሁ ወደ ቲያትር ቤቱ በእግር ውጡ፣ ቅርብ ነው። በሞቃቱ ወራት በሰንሰለት ተይዛ፣ በእጅ እየተዘወረች ሰው የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች። እንዳታመልጣችሁ!

የተወለደበት ቤት ለከሰዓት ይቆይ። አባቱ ጓንት ሠሪ ነበር፤ ሥራውም እዚያው ቤት ነበር። ሼክስፒር ራሱ በ1597 የገዛው ትልቅ ቤት ግን በ1759 ፈርሷል፤ ቦታው አሁን የአትክልት ስፍራ ነው።

ማታ ቲያትር ለማየት ከፈለጋችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸው «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» አሉላችሁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት አንዱን አንብቡ። መድረኩ ላይ የሚባለውን ለመከታተል በጣም ይረዳል።